ስስ አየርና የጉሎ ዘይት

ባለፈው ሰኔ የናፍጣ ፖምፓ ክፍሉን ቁልፍ ለተተኪዬ አስረክቤ ጡረታ ወጣሁ። እጄ አልደከመም፤ የደከመው ዓይኔ ነው። በሰላም ገብቼ በሰላም ስለወጣሁ እግዚአብሔር ይመስገን።

በሽኝቱ ዕለት ተተኪዬ፣ ገና ከቴክኒክ ትምህርት ቤት የወጣች ልጅ፣ አጠገቤ ተቀምጣ "እማማ፣ ይህን ሙያ ግን የት ነው የተማሩት?" አለችኝ።

"እዚሁ ካዛንቺስ። በመጫወቻ አውሮፕላን ሞተር።"

ሳቀች። "ማለቴ፣ የምርዎን?"

የምሬን ነበር። በቃል ላስረዳት ብሞክር ሰዓቱ አልበቃንም፤ እኔም ብዙ ተናጋሪ አይደለሁም። ስለዚህ ለእሷም ለልጄም እንዲሆን ጻፍኩት።

ከነፃነት በኋላ ያለው የሥራ ዘመኔ በአጭሩ የሚነገር ነው። መጀመሪያ እንግሊዞች በያዙት ጋራዥ ዕቃ አጠብኩ። ከዚያ ላንቻ አካባቢ አንድ ግሪክ ዘንድ ሥራ ጠየቅሁ። ወረቀት አለሽ ወይ አለኝ። የለኝም አልኩት። ያረጀ የፖምፓ ፒስቶን አቀበለኝና "ይህ ለምን አይሠራም?" አለ። በአውራ ጣቴ ዳስሼ የተበላበትን ጎን አሳየሁት። በአጉሊ መነጽር አየውና "ሰኞ ነይ" አለኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት ሠራሁለት። ደመወዙ ትንሽ ነበር፣ ግን ቀኑን አሳልፎ አያውቅም። ከዚያ የመንግሥት መኪናዎች ወደሚጠገኑበት ግቢ ተዛውሬ እስከ ጡረታዬ እዚያው ቆየሁ። አለቆች መጡ፣ አለቆች ሄዱ። "ሴት እዚህ ምን ትሠራለች?" ያለም ነበር፤ መኪናው ሲነሳ ዝም አለ።

ይህ ሁሉ የመጣው ግን ከአንድ ሰውና ከአንድ ዓመት ነው።

ሰውየው አቶ ሰይድ ይባሉ ነበር። የወሎ ሰው ናቸው፤ ከጦርነቱ በፊት ጠመንጃ ይጠግኑ ነበር። ጣልያን ሲገባ ጠመንጃ ይዞ መገኘት የሚያስገድል ሆነ፤ እሳቸውም የልብስ ስፌት መኪናና ሞተር ብስክሌት ወደ መጠገን ዞሩ። ሱቃቸው ከቂርቆስ ወደ ላይ፣ አሁን ካዛንቺስ በሚባለው ዳርቻ ላይ ነበር። ያን ጊዜ ስሙ ገና አልወጣለትም።

እኔ ደግሞ መበለት ነበርኩ። ባለቤቴ ድሬዳዋ ባቡር ላይ እሳት ይቆሰቁስ ነበር። በጥር ዘመተ፤ ማይጨው ላይ ከአውሮፕላን በተጣለ ቦምብ መሞቱን ከተረፉት አንዱ መጥቶ ነገረኝ። ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ትልቁን ልጄን ይዤ ዘመድ ፍለጋ አዲስ አበባ መጣሁ። የመጀመሪያውን ክረምት ያሳለፍነው ጣሪያው በሚያፈስ ቤት ነው። ልጄ በነሐሴ ሳል ይዞት ሞተ። በጥቅምት ጽጌ ተወለደች።

አቶ ሰይድ ከሱቃቸው ጀርባ አንዲት ክፍል ነበረቻቸው። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ አታፈስም። በኪራይ ፈንታ የሱቁን ዕቃ እንዳጥብ ተስማምተን ገባሁ። ጣልያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ይህን ታሪክ የምጀምርበት ጊዜ ላይ፣ ጽጌ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት ገና አልቆመችም ነበር። ደረቷን እንደ ወንድሟ ያፍናት ነበር። የዚያን ዘመን ጸሎቴ አጭር ነው፦ የኢየሉጣን ልጅ ከእሳት ያወጣህ፣ የእኔን ልጅ ከክረምት አውጣ።

የአቶ ሰይድን ልማዶች ልናገር፤ እኔን የሠሩኝ እነሱ ናቸውና። ጠዋት ሥራ ሲጀምሩ "ቢስሚላህ" ይላሉ፤ ከዚያ እኔ እስካማትብ ቆመው ይጠብቃሉ። ሁለታችንም ሳንጨርስ ዕቃ አይነካም። አርብ ቀትር እሳቸው ይዘጋሉ፣ እሑድ እኔ አልገባም፤ አንዳችን የሌላውን ቀን አንጠይቅም። በሰው ጠረጴዛ ላይ ያለ ዕቃ አይነኩም፤ የጀመረው ሰው ይጨርሰዋል። መፋቂያ ከአፋቸው አይለይም፤ ሞተር ሲነሳ የመፋቂያውን አንድ ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው ሌላውን ጫፍ ሞተሩ ላይ ያሳርፋሉ። ድምፁን በአጥንታቸው ይሰሙታል። ዕቃ ሲበላሽ ደግሞ ማን አበላሸው ብለው አይጠይቁም። የሚጠይቁት "እጅሽ ምን አደረገ?" ብለው ነው። ሰው ይዋሻል፣ እጅ ግን የሠራውን ያውቃል ይሉ ነበር።

አንድ ቀን በዐቢይ ጾም መግቢያ አንድ ጣልያን በእንጨት ሣጥን ሞተር ይዞ መጣ። ሲኞር ብሩኖ ይባላል፤ ሥራው መሬት መለካት ነው፣ እነሱ ጆሜትራ ይሉታል። ለጣልያን ሠራተኞች የሚሠሩትን ቤቶችና መንገዶች በኖራ የሚያሰምረው እሱ ነበር። ሞተሩ ከእጄ ጭብጥ አይበልጥም። ከነክንፉ የመጫወቻ አውሮፕላን ሠርቶለታል፤ ክንፉ ሰው እጁን የዘረጋውን ያህል ይሆናል፣ በሐር ጨርቅ የተለበጠ ነው።

አውሮፕላኑን ሳይ አማተብኩና ወደ ክፍሌ ገባሁ። አቶ ሰይድ በኋላ መጥተው ደጃፌ ላይ ቆሙ።

"እሜቴ" አሉኝ። ሲቀልዱብኝ እንዲህ ነው የሚጠሩኝ፤ ያን ቀን ግን አልቀለዱም። "ክንፉን አላመጣብሽም። ሞተሩን ብቻ እይው።"

አየሁት። ማየቴ ነው ያስቀረኝ።

እኛ የምናውቀው የሞተር ብስክሌት ሞተር ነው፤ ይህ ግን የሚከፈትና የሚዘጋ ክዳን የሚባል የለውም። የሲሊንደሩ ጎን ላይ ቀዳዳዎች አሉት። በአንዱ አዲስ አየርና ቤንዚን ይገባል፣ በሌላው ጭሱ ይወጣል፤ በሩን የሚዘጋውም የሚከፍተውም ራሱ ፒስቶኑ ነው፣ ሲወጣና ሲወርድ። አንድ ሰው ቤቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየሄደ በራሱ ትከሻ በር ሲከፍትና ሲዘጋ ማለት ነው። ይህን ያሰበው ማን ይሆን እያልኩ ዋልኩ።

ችግሩ እንዲህ ነበር። ሞተሩን ጣልያን አገር ያለ ወዳጁ በእጁ ሠርቶ ነው የላከለት። እዚያ ይበራል። እዚህ ግን ይጮኻል እንጂ አውሮፕላኑን አያነሳም። ሲኞር ብሩኖ ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስት ጊዜ ሣር ላይ ተንከባሎበታል።

አቶ ሰይድ መጀመሪያ የሠሩት መለኪያ ነው። የስፌት ክር ማጠንጠኛዎችን ጎማ አድርገው ጣውላ አቆሙባቸው፤ ሞተሩን ጣውላው ላይ አሰሩት። ከጣውላው ኋላ ገመድ አስረው በሌላ ማጠንጠኛ ላይ አሳለፉና ጫፉ ላይ ጣሳ አንጠለጠሉ። ፊቱ ላይ ያለው ውልብልቢት ሲዞር ሞተሩ ወደፊት ይስባል፣ ጣሳውም ይነሳል። ጣሳው ውስጥ ሽምብራ እንጨምራለን። ጣልያን አገር ያነሳ የነበረው ክብደት በደብዳቤ ተጽፎ ነበርና ሲኞር ብሩኖ መዝኖ ሲሰጠን አንድ ሙሉ ጣሳ ሽምብራ ሆነ። የእኛ ሞተር ያነሳው ከግማሽ ትንሽ አለፍ ያለ ነው።

"ሰነፍ ነው" አሉ አቶ ሰይድ።

የሲኞር ብሩኖ አማርኛ እንዲህ ነበር፦ "ሰነፍ የለም። ጣልያን ጥሩ፣ እዚህ መጥፎ። ለምን? እኔ አያውቅም።"

ለምን የሚለው ነገር እንቅልፍ ነሳን። ለቀናት እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ቀየርን፣ ቤንዚኑን ቀየርን። አንድ ቀን ሽምብራ እየቀቀልኩ፣ ምንም ሳላስብ፣ "ድሬዳዋ ሳለሁ ሽምብራ እንዲህ አያስቸግርም ነበር" አልኩ። "እዚህ ማገዶ ጨራሽ ነው።"

አቶ ሰይድ መፋቂያቸውን ከአፋቸው አወጡ። "ሽምብራው ሌላ ዓይነት ይሆናላ።"

"ከድሬዳዋ ይዤው የመጣሁትንም እዚህ ቀቅዬዋለሁ። እሱም እንዲሁ ነው።"

"ውኃው?"

"ውኃ ውኃ ነው።"

"እሳቱስ?"

"እሳትም እሳት ነው፣ አቶ ሰይድ።"

"ታዲያ ምን ቀረ?" አሉ። ከዚያ ጣቶቻቸውን ባዶው አየር ላይ ዘረጉ። "ይሄ ቀረ።"

በማግስቱ ለሲኞር ብሩኖ ነገሩት። ግንባሩን ያዘ። የአየር ክብደት የሚለካበት ዕቃ ነበረው፤ አምጥቶ አሳየን። አዲስ አበባ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠረፉ አየር ሩብ ያህል ይጎድላል። ተምሮ እያለ ይህን ስላላሰበው አፈረ፤ አፍሮ ግን አልተቆጣም። ከእኛ ጋር ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

"የሚገባው አየር ካነሰ፣ የገባውን ጠበቅ አድርገን እንጭመቀው" አሉ አቶ ሰይድ።

ሥራዬ ከዚያ ተጀመረ። ሲሊንደሩን ከላይ የሚከድነውን ቴስታታ ዝቅ ለማድረግ ፊቱን መፋቅ ነበረብን። የመስኮት መስታወት ላይ የስሜሪልዮ ዱቄት በዘይት ለወስን፤ ስሜሪልዮ ብረት የሚበላ ድንጋይ ነው፣ በሻሽ ነፍተን እናልመዋለን። ቴስታታውን እዚያ ላይ እያዞሩ መፋቅ ነው። አቶ ሰይድ ሞክረው አንዱ ጎን ዘመመባቸው።

"የጠመንጃ ሰው እጅ ይከብዳል" አሉ። "አንቺ ጥጥ ፈታይ ነሽ። የክሩን ውፍረት በምን ታውቂዋለሽ?"

"በአውራ ጣቴ።"

"እንግዲያው ይህንንም በአውራ ጣትሽ ፈትዪው።"

ፈተልኩት። የት እንደሚነካና የት እንደማይነካ ለማወቅ ደግሞ ኩል ተጠቀምኩ። ቴስታታው ፊት ላይ ስስ ኩል እቀባለሁ፤ ንጹሕ መስታወት ላይ ሳስቀምጠው፣ ከፍ ያለው ቦታ ኩሉን መስታወቱ ላይ ይተወዋል። ያንን ብቻ እፍቃለሁ። አቶ ሰይድ ይህን ሲያዩ "ሞተሩን ዳርሽው" አሉ። እስከ ጡረታዬ ድረስ ኩል ከመሣቢያዬ አልጠፋም።

ጣሳው እፍኝ በእፍኝ ሞላ። ቴስታታው ዝቅ ሲል ሁለት እፍኝ ጨመረ። የጭሱን በር በቀጭን ሞረድ የፀጉር ወርድ ያህል ወደ ላይ ስናሰፋው አንድ እፍኝ። ቤንዚኑን የምትቆጣጠረውን መርፌ ጠበቅ ስናደርግ፣ አየሩ ትንሽ ነውና ቤንዚኑም ትንሽ ይበቃዋልና፣ ሌላ እፍኝ። ሲኞር ብሩኖ ደግሞ ሰፋ ያለ የእንጨት ውልብልቢት ጠርቦ አመጣ። አንድ ጠዋት ጣሳው ሞልቶ ተነሳ። አቶ ሰይድ ወደ ጣሳው ጎንበስ ብለው አዩና፣

"እሜቴ፣ ጾም ነው ብለሽ ከመለኪያችን ቆርጥመሽ እንዳይሆን?" አሉኝ።

"ጥርሱን ሲፍቅ የሚውለው እርስዎ ነዎትና እርስዎን ነው የምጠረጥረው" አልኳቸው። ሲስቁ መፋቂያው ከአፋቸው ወደቀ።

ያን ቀን ሲኞር ብሩኖ ከቦርሳው ካርታ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። የደስታው ቀን ስለሆነ ይሆናል ሊደብቀን ያልፈለገው። በቀይ እርሳስ የተሰመረ መንገድ በሱቁና በእኔ ክፍል ላይ ያልፋል።

"መቼ ነው የሚፈርሰው?" አሉ አቶ ሰይድ።

"ከዝናብ በፊት።"

ጽጌ ጀርባዬ ላይ ነበረች። ትንፋሿ አንገቴ ላይ ሲር ሲር ሲል ይሰማኝ ነበር። አቶ ሰይድ እኔን አዩ፣ ከዚያ እሱን።

"አውሮፕላኑ ከበረረስ?"

ሲኞር ብሩኖ አሰበ። ከፋሲካ በኋላ ባለው ማክሰኞ አለቆቹን ጋብዞ ሊያሳያቸው ነበር። "ከበረረ እኔ ጎበዝ። እኔ ጎበዝ ከሆነ፣ ከየት ጀምር የሚለኝ የለም። ከዚያ ጎን እጀምራለሁ። ይህ ጎን ከዝናብ በኋላ።"

እጅ ተጨባበጡ። እኔ ያን ቀን ለቂርቆስ ጧፍ ተሳልኩ።

አሁን የወደቅኩበትን ልናገር።

ይህ ዓይነት ሞተር ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚጠጣው፤ ከሁሉ የሚስማማው ደግሞ የጉሎ ዘይት ነው። ሲኞር ብሩኖ ከአገሩ ያመጣው ዘይት በሕማማት መግቢያ አለቀ። አቶ ሰይድ ሳቁ፤ ጉሎ በቂርቆስ አጥር ሁሉ ላይ በቅሏል። ቆዳ ለማለስለስ ዘይቱን እናቴ ስታወጣ አይቻለሁ። ፍሬውን ለቀም አደረግሁ፣ አመስ አድርጌ ወቀጥኩ፣ በውኃ ቀቅዬ ከላይ የሰፈፈውን ዘይት ገፈፍኩ። መልኩ ማር መሰለ። ሐሙስ ዕለት ሞተሩ በእሱ ሠራ፤ ከጣልያኑም ዘይት ይልቅ ለስላሳ ሆነለት። እንዳይዝግ ብዬ ደግሞ ውስጡን በዘይቱ ሞላሁትና በጨርቅ ሸፍኜ ጠረጴዛዬ ላይ ተውኩት። አርብ ስቅለት ነው፤ ስሰግድ ዋልኩ። ቅዳሜ፣ እሑድ፣ ሰኞ አልገባሁም። አቶ ሰይድ እሑድ ለእንኳን አደረሰሽ ደጃፌ ድረስ መጥተዋል። ጠረጴዛው ግን የእኔ ነውና ጨርቁን አልገለጡም።

ማክሰኞ ጠዋት ሲኞር ብሩኖ ሞተሩን ወስዶ አውሮፕላኑ ላይ አሰረ። የሚበርበት ሜዳ አሁን ኦሎምፒያ ከሚባለው በታች ነበር። እኔ ለካንዴላው እሳት የሚሰጠውን ባትሪ ተሸክሜ ሄድኩ። አለቆቹ በመኪና መጡ። ሲኞር ብሩኖ ውልብልቢቱን ሊያዞር ያዘ፤ አልዞርም አለው። በሁለት እጁ ጠመዘዘው። ጥርስ እንደሚያፋጭ ሰው ዓይነት ድምፅ አወጣና ዞረ። አስነሳው። ጥቂት ሳለና ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ በኋላ በምንም አልነቃነቅ አለ። ከአለቆቹ አንዱ የሆነ ነገር ተናግሮ ሁሉም ሳቁ። የሲኞር ብሩኖ ጆሮ ሲቀላ አየሁ።

ሞተሩን ሱቁ ወለል ላይ ወርውሮልን ሄደ። "የማይረባ ሽማግሌ" ያላቸው አቶ ሰይድን ነው። በማግስቱ ሠራተኞች መጡና በደጃፌ ላይ የኖራ መስመር አሰመሩ። ሰኔ ሳይገባ ውጡ ተባልን።

አቶ ሰይድ ሞተሩን ፈቱት። ፒስቶኑ ላይ ዝገት አለ፤ በዝገቱ መካከል ረጃጅም ጭረት። ሲሊንደሩም ተጭሯል። በዘይት የተሞላ ብረት በአራት ቀን እንዴት ይዝጋል? ዝገቱን በትንሽ ጣታቸው ነክተው ምላሳቸው ላይ አደረጉ።

"እሜቴ። እጅሽ ምን አደረገ?"

ዝም ማለት እችል ነበር። ጣልያኑ ጥፋቱን የጣለው በእሳቸው ላይ ነው። እጄን ግን ጠየቅሁት፣ እጄም አስታወሰ።

"ውኃው ሲፈላ ጨው ቆነጠርኩበት።"

"ለምን?"

"እናቴ ትጨምር ነበር። ዘይቱ ቶሎ ይሰፍፋል ትል ነበር።"

"እናትሽ ዘይቱን ለምን ነበር የምትፈልገው?"

"ለቆዳ።"

"ቆዳ ጨው ይወዳል" አሉ። ዘይቱ ውስጥ የቀረች ጥቂት ውኃ ጨው ይዛ አራት ቀን ብረቱን በልታዋለች። ማልቀስ ጀመርኩ። የልጄን ክረምት በራሴ እጅ ነው ያጠፋሁት። አቶ ሰይድ ፒስቶኑን ወደ ብርሃን አንስተው አገላበጡት።

"የሰውየውን ሞተር ወጥ አደረግሽው" አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። "የተበላሸበትን ያወቅነው ነገር አልተበላሸም። የሚያስፈራኝ ሳናውቀው ቢሆን ነበር። ተነሺ።"

ሌላ ፒስቶን አልነበረንም። ከተሰበረ የስፌት መኪና እግር ላይ ቁራጭ ቆርጠው በእግር በሚረገጥ የብረት መቅረጫ፣ በቶርኖ፣ አዲስ ፒስቶን አወጡ፤ ሆን ብለው ወፈር አደረጉት። የቀረው የእኔ ነው። መጀመሪያ የሲሊንደሩን ጭረት በእንጨትና በስሜሪልዮ ፍቄ አጠፋሁ፤ ቀዳዳው ሰፋ። ከዚያ ፒስቶኑን ለሰፋው ቀዳዳ ማሳነስ። ኩል መቀባት፣ ማስገባት፣ ማውጣት፣ የጠቆረውን ማየት፣ መፋቅ፣ በቤንዚን ማጠብ፣ እንደገና ኩል። ጠዋት ብረቱ ቀዝቃዛ ነው፣ ቀትር ላይ ይሞቃል፤ በቀትር የገጠመው በጠዋት ይላላል። ስለዚህ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ፀሐይ ጠረጴዛዬ ላይ ስትደርስ ብቻ ነበር የምለካው። ጽጌ እግሬ ሥር ተቀምጣ ትስላለች። ዐሥራ አንድ ቀን ፈጀብኝ።

ዘይቱንም እንደገና አወጣሁ፣ ያለ ጨው። ከገፈፍኩት በኋላ ለብቻው እሳት ላይ አቆየሁት። ክር ነክሬ ስለኩሰው መንጣጣቱን እስኪተው ጠበቅሁ፤ ከተንጣጣ ውኃ አለበት ማለት ነው። አቶ ሰይድ ቀምሰው "አሁን አይጥምም" አሉ። ይህ ምስጋናቸው ነበር።

ሲኞር ብሩኖ ግን ወደ ሱቁ መምጣት ትቷል። አቶ ሰይድ ልሂድ አሉ፤ የሰደባቸው እሳቸውን ነውና አይሆንም አልኩ። ጽጌን አዝዬ፣ ሲሊንደሩንና ፒስቶኑን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ፣ የእሱ ሠራተኞች ድንጋይ ወደሚያወርዱበት ቦታ ሄድኩ። ሲያየኝ ፊቱን አዞረ።

"ሲኞር" አልኩት። "አንድ ነገር ብቻ እይልኝ።"

ሲሊንደሩን አንስቼ ፒስቶኑን ከታች ወደ ላይ ገፋሁት። የላይኛውን አፍ በመዳፌ ዘግቼ የታችኛውን እጄን ለቀቅሁ። አልወደቀም። ምንም ሳይዘው ተንጠልጥሎ ቀረ፤ በጎኑ አየር የሚሾልክበት ክፍተት አልነበረም። መዳፌን ከላይ ሳነሳ፣ ቀስ ብሎ ተንሸራቶ እጄ ላይ አረፈ።

ከሠራተኞቹ ጋር የያዘውን ወሬ አቁሞ መጣ። "እንደገና" አለኝ። እንደገና አደረግሁት። ከእጄ ወስዶ ራሱ ሞከረው። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ። ሠራተኞቹ ድንጋይ ማውረድ ትተው ያዩን ነበር።

"ማን?"

"እኔ። ያበላሸሁትም እኔ ነኝ፣ አቶ ሰይድ አይደሉም። ዘይቱ ውስጥ ጨው ጨመርኩ።"

"ጨው?" አለ። ከዚያ ሳቀ፤ የሳቀው ግን በእኔ አልነበረም፣ እንቆቅልሽ እንደተፈታለት ሰው ነው። ቁጣው የት እንደገባ አላውቅም። "መቼ እናበራለን?"

"በጠዋት፣ ገና ብርድ ሳለ" አልኩት። "በብርድ አየሩ ወፈር ይላል ብዬ አስባለሁ።" ቆሞ አየኝና ራሱን ነቀነቀ።

በግንቦት መጨረሻ አንድ ጠዋት ሜዳው ላይ አራት ነበርን፣ ጽጌን ጨምሮ። አለቆች አልተጠሩም። አቶ ሰይድ "ቢስሚላህ" አሉ፣ እኔ አማተብኩ፣ ሲኞር ብሩኖ ውልብልቢቱን መታ። ሞተሩ ተነሳ። አውሮፕላኑ ጥቂት ሮጠና ሣሩን ለቀቀ። ወደ ላይ ሲወጣ አንገቴ በራሱ ወደ ትከሻዬ ገባ፤ ባለቤቴም በመጨረሻው ሰዓት ይህን ድምፅ ሰምቶ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ዓይኔን ግን አልጨፈንኩም። ያንን ድምፅ የሚያወጣውን ፒስቶን አውቀዋለሁ፤ የስፌት መኪና እግር ነበር። በትልቅ ክብ ዞረ፣ እንደገና ዞረ፣ ቤንዚኑ እስኪያልቅ አንድ ጊዜ እንኳ አልሳለም። ከዚያ በዝምታ አሁን ቡልጋሪያ ወደሚባለው ሰፈር በኩል ተንሸራትቶ ወረደ። ሲኞር ብሩኖ ባርኔጣውን ጥሎ ተከትሎት ሮጠ።

ሲመለስ አንድ ክንፍ ተሰብሮ ነበር፤ እሱ ግን አላየውም። ለአቶ ሰይድ ራሱን ዝቅ አድርጎ እጃቸውን ጨበጠ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ "ምን ትፈልጊያለሽ?" አለኝ።

"እስከ ጥቅምት" አልኩት።

ሌላ ነገር የጠበቀ ይመስለኛል። ወደ ጽጌ አየ። "እኔ አያፈርስም። ወረቀት ያፈርሳል" አለ። መሬቱን በጫማው ጫፍ እየቆፈረ ቆየ። "ኖራ ግን ዝናብ ያጥበዋል። ከታጠበ አላየውም። በጥቅምት እንደገና አሰምራለሁ።"

ሰኔ ገባ። ኖራው በመጀመሪያው ሳምንት ታጠበ። ከዚያኛው ጎን ያሉ ቤቶች ፈረሱ፤ ይህን ስጽፍ እነዚያን ሰዎችም አስባለሁ፣ ለእነሱም ክረምቱ ክረምት ነበርና። የሚያፈርሰውም ሲኞር ብሩኖ፣ ያቆየንም እሱ ነው። እኔ ያመሰገንኩት በላይ ያለውን ነው፤ ቀጥሎ አቶ ሰይድን፤ ለእሱም ቢሆን ክፉ አልተመኘሁለትም። ሐምሌን እንዳለ ሱቁ ውስጥ ፒስቶን ስገጥም አሳለፍኩ፤ የሞተር ብስክሌት ባለቤቶች "የጨው ሴትዮ ትሥራልን" እያሉ መምጣት ጀምረው ነበር። ጽጌ በነሐሴ ትኩሳት ያዛት። ሦስት ቀን አቅፌያት ተቀመጥኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል፣ ወለሉ ደረቅ ነው። በአራተኛው ቀን ላብ አላባት፤ ጡት ጠየቀች። በመስከረም ግድግዳ ይዛ ቆመች።

ሲኞር ብሩኖ በጥቅምት፣ እንደተናገረው፣ ኖራና ሠራተኞች ይዞ መጣ። አቶ ሰይድ ሱቃቸውን ወደ ቂርቆስ ታች አዛውረው ነበር፤ እኔንም ወስደውኛል። ዕቃዬን በጠዋት አውጥቼ ጨርሻለሁ። ሠራተኞቹ ዶማ ይዘው ሲደርሱ ክፍሉን እየጠረግሁ አገኙኝ።

"ሊፈርስ ነው እኮ እናቴ" አለ አንደኛው። "ለማን ነው የሚጠርጉት?"

"ክረምቱን ያሳለፈን ቤት ነው" አልኩት። "ቆሻሻ ትቼበት አልወጣም።"

ሲኞር ብሩኖ ደፉ ላይ ቆሞ ነበር። ጫማው ጭቃ ነክቶታል፤ ወደ ውስጥ አልገባም። ጥጉን ሁሉ እስክጨርስ ሠራተኞቹን በእጁ አቆመልኝ። መጥረጊያውን ውጭ አስቀምጬ ጽጌን ላዝላት ጎንበስ አልኩ። እምቢ አለች። ግድግዳውን ለቀቀች፣ የደጃፉን ደፍ በሁለት እጇ ተደግፋ ተሻገረች፣ ቀና አለችና በእግሯ ወጣች።